ውስን ምክንያታዊነት፦ የኸርበርት ሳይመን ሕይወትና የውሳኔ ሰጪ ፕሮግራሞች አጀማመር

ያለ ሰው ጣልቃ ገብነት ግባቸውን የሚከተሉ የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ምክንያታዊ የሚባሉት መቼ ነው? የተለመደው መልስ ካሉት አማራጮች ሁሉ የላቀውን ሲመርጡ ነው የሚል ነው። ከሰው ሠራሽ አስተውሎት መሥራቾች አንዱ የሆነው ኸርበርት ሳይመን ግን በአብዛኛው የምርምር ዘመኑ ይህን መልስ ሞግቷል። ይህ ጽሑፍ ሕይወቱን በመከተል የሙግቱን መነሻና ፋይዳ ይመረምራል።

ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1916 በአሜሪካ፣ ዊስኮንሲን ግዛት፣ ሚልዋኪ ከተማ ተወለደ። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሳለ፣ የትውልድ ከተማው ለሕዝብ መዝናኛ ስፍራዎች የሚመድበውን ገንዘብ እንዴት እንደሚያከፋፍል አጠና። የወቅቱ ኢኮኖሚክስ ኃላፊዎቹ ከእያንዳንዱ ተጨማሪ ወጪ የሚገኘውን ጥቅም አመዛዝነው እንዲወስኑ ይጠብቅ ነበር። እርሱ ያስተዋለው ግን ሌላ ነው፤ የመጫወቻ ሜዳዎቹን የሚንከባከበው አካልና የጨዋታ መሪዎችን የሚያሰማራው አካል ጉዳዩን የሚያዩት ከየራሳቸው ዓላማ አንጻር ነበር። ይህ ትዝብት በ1943 ላገኘው የዶክትሬት ዲግሪና በ1947 ላሳተመው የአስተዳደር ጥናት መጽሐፍ መንገድ ጠረገ።

በ1955 እና በ1956 ባወጣቸው ሁለት ጽሑፎች ሐሳቡን በሒሳብ መልክ አቀረበው። ወሳኙ አካል መረጃው፣ ጊዜውና የማስላት አቅሙ ውስን ስለሆነ፣ አስቀድሞ የያዘውን የበቂነት ደረጃ የሚያሟላ አማራጭ ሲያገኝ ፍለጋውን ያቆማል። ቼዝ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የጨዋታው ሊሆኑ የሚችሉ አካሄዶች ብዛት፣ በ1950 በክሎድ ሻነን በቀረበው ግምት መሠረት፣ ከ1 በኋላ 120 ዜሮዎች ተደርድረው የሚጻፍ ቁጥር ነው። ሁሉንም መርምሮ መወሰን ለሰውም ለማሽንም አይቻልም።

ሳይመን ይህን ሐሳብ ከአለን ኒውዌልና ከክሊፍ ሾው ጋር ወደ ፕሮግራም ለወጠው። በ1956 መጀመሪያ፣ ሎጂክ ቲዎሪስት የተሰኘው ፕሮግራም ገና በማሽን ላይ ሳይሠራ፣ ባለቤቱን፣ ልጆቹንና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎችን ሰብስቦ ለእያንዳንዳቸው የፕሮግራሙን አንድ ክፍል የያዘ ካርድ በማደል አሠራሩን ፈተነ። ፕሮግራሙ በኋላ ከኋይትሄድና ከራስል የሒሳብ መሠረቶች መጽሐፍ ከቀረቡለት 52 ቲዎረሞች 38ቱን አረጋገጠ። ቀጥሎ የመጣው አጠቃላይ ችግር ፈቺ ፕሮግራም ባለበት ሁኔታና በግቡ መካከል ያለውን ልዩነት ይለያል፤ ልዩነቱን የሚያጠብ ርምጃ ይመርጣል፤ ርምጃውን የሚያግድ ነገር ካለ ደግሞ እንቅፋቱን ማስወገድን ንዑስ ግብ ያደርገዋል።

ሳይመንና ኒውዌል በ1975 የቱሪንግ ሽልማትን ተጋሩ፤ ሳይመን በ1978 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትንም ተቀበለ። ትንቢቱ ሁሉ ግን አልሠመረም። ከኒውዌል ጋር በ1958 ባሳተመው ጽሑፍ ኮምፒውተር በ10 ዓመት ውስጥ የዓለም የቼዝ ሻምፒዮን እንደሚሆን ተንብዮ ነበር፤ ማሽን የዓለም ሻምፒዮኑን በይፋ ግጥሚያ ያሸነፈው በ1997 ነው። አሸናፊው ዲፕ ብሉ በሴኮንድ እስከ 200 ሚሊዮን የሚደርሱ አቀማመጦችን ይመረምር ነበር፤ እርሱም ቢሆን ፍለጋውን አንድ ቦታ ላይ አቁሞ የቀረውን በግምት ይመዝን ነበር። ስለዚህ የአቅም ማደግ ድንበሩን አራቀው እንጂ አላስቀረውም።

ሳይመን በ2001 በፒትስበርግ አረፈ። ሥራው ለዛሬ ተመራማሪ የሚያቀርበው ጥያቄ ግን ከቼዝ ሰሌዳ ያለፈ ነው። የአንድ ፕሮግራም ምክንያታዊነት ሲለካ፣ የደረሰበት ውሳኔ ብቻ ሳይሆን ለመወሰን ያጠፋው ጊዜና ስሌትም ሊቆጠር ይገባል። ከዚህም በላይ የበቂነት ደረጃውን ፕሮግራሙ በራሱ አያመነጨውም፤ መነሻውን የሚያስቀምጠው ንድፍ አውጪው ነው። ፕሮግራሙ ብድር የሚፈቅድ ወይም ሕሙማንን በቅድሚያ የሚለይ ከሆነ፣ ምን ያህሉ በቂ ነው የሚለው ውሳኔ በሌሎች ሰዎች ሕይወት ላይ የሚያርፍ የሰው ኃላፊነት ነው።