የሽንፈትን ዋጋ የተመነው ሰው

ጋምቤላ ውስጥ ብሪጅ እጫወታለሁ ስል የሚሰማኝ ሁሉ ስለ ባሮ ድልድይ የማወራ ይመስለዋል። እኔ የምለው ግን የካርታውን ብሪጅ ነው። እሑድ ከሰዓት፣ ሙቀቱ መቆሚያ መቀመጫ ሲነሳ፣ ስምንት ሆነን ከማንጎ ዛፍ ሥር ሁለት ጠረጴዛ እንዘረጋለን። አንዴ የታደለው ካርታ ሳይበወዝ በሁለቱም ጠረጴዛ ስለሚዞር ማንም በዕድሉ አያመካኝም።

ባለፈው ሰሞን ተቃራኒዎቻችን ጨረታውን አራት ስፔድ አደረሱት። እኔ እንደማላሸንፍ እያወቅሁ አምስት ክለብ ብዬ ጨመርኩ። ደብል አደረጉብኝ፤ በሦስት እጅ ወድቄ 500 ነጥብ አስከፈልኩ። አጋሬ በዕድሜ የሚበልጡኝ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ካርታቸውን አስቀምጠው፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። እኔ ግን ትክክል ነኝ ብዬ ነበር። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ ለማስረዳት የነጥቡን ሠንጠረዥ ያወጣውን ሰው ታሪክ ማንሳት ግድ ነው።

ሃሮልድ ስተርሊንግ ቫንደርቢልት የተወለደው ጁላይ 6 ቀን 1884 በኒውዮርክ ግዛት ነው (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቅድመ አያቱ ኮርኔሊየስ ቫንደርቢልት በመርከብና በባቡር ሐዲድ የናጠጠ ሀብት ያካበተ ሰው ነበር። ሃሮልድ ሃርቫርድ ተምሮ በቤተሰቡ የባቡር ሥራ ቢሰማራም ልቡ ያለው ሁለት ቦታ ነበር፤ አንዱ ባሕር ላይ፣ ሌላው ካርታ ጠረጴዛ ላይ።

በዘመኑ የነበረው ኦክሽን ብሪጅ አንድ ጉድለት ነበረበት። ተጫዋቹ በጨረታው ዝቅተኛ ቁጥር ጠርቶ ብዙ እጅ ቢያሸንፍ ያልጠራው ሁሉ ይቆጠርለታል። ስለዚህ ደፍሮ ከፍ ማለት ትርፍ አልነበረውም። ፈረንሳዮች ፕላፎን በሚባለው ጨዋታቸው የጠሩትን ብቻ መቁጠር ጀምረው ነበር። ቫንደርቢልት በ1925 ፊንላንድ በተባለች መርከብ ከሎስ አንጀለስ በፓናማ ቦይ በኩል ወደ ሃቫና ሲጓዝ፣ ከሦስት ወዳጆቹ ጋር እየተጫወተ አዲሱን ሠንጠረዥ ሞከረ። ለታላላቅ ጨረታዎች ጠቀም ያለ ጉርሻ ጨመረ። አንድ ዙር ያሸነፈ ወገን ቢወድቅ ቅጣቱ እንዲከብድበት አደረገ። ለዚህ ሁኔታ ተጋላጭ የሚል ትርጉም ያለውን ቃል ያቀበለችው አብራቸው የምትጓዝ አንዲት ወጣት ነበረች። በዛሬው የውድድር ብሪጅ ተጋላጭነቱ በየካርታው አስቀድሞ የተወሰነ ነው።

በዚያ ዘመን እኛም ዘንድ መርከብ ነበር። በ1902ቱ ውል መሠረት እንግሊዞች በያዙት የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ፣ በክረምት ባሮ ሲሞላ የእንፋሎት መርከቦች ከሱዳን እየመጡ ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ጭነት ሳይሞላ መመለስ ኪሳራ ነው፤ ውሃው ጎድሎ መታሰር ግን የባሰ ኪሳራ ነው። የቫንደርቢልት ሠንጠረዥም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ተጋላጭ የሆነ ወገን አራት ስፔድ ጠርቶ ቢሳካለት 620 ያገኛል፤ ካልሆነ 420። ተጋላጭ ያልሆነ ወገን ደብል ተደርጎበት ሲወድቅ በአንድ እጅ 100፣ በሁለት 300፣ በሦስት 500፣ በአራት 800 ይከፍላል። ተጋላጭ ከሆነ ግን 200፣ 500፣ 800 እያለ ይሄዳል። ያን ዕለት እነሱ ተጋላጭ ናቸው፣ እኛ አይደለንም። 620 ከመስጠት 500 መክፈል 120 ነጥብ ማትረፍ ነው። ሁለታችንም ተጋላጭ ብንሆን ኖሮ ያው ሦስት እጅ 800 ያስከፍለን ነበር።

ቫንደርቢልት በፈጠራው ሊነግድበት አልሞከረም። ሠንጠረዡን በታይፕ አስመትቶ ለጥቂት ወዳጆቹ ሰጠ፤ የቀረውን ጨዋታው ራሱ ሠራው። በ1928 በስሙ የሚጠራውን የቫንደርቢልት ዋንጫ ለውድድር አበረከተ፤ በ1932 እና በ1940 ደግሞ ራሱ አሸነፈው። በባሕሩም ስሙ ገናና ነው። የአሜሪካ ዋንጫ የተባለውን የጀልባ ውድድር በ1930፣ በ1934 እና በ1937 አሸንፏል። በተለይ በ1934 ሬይንቦው የተባለች ጀልባው በእንግሊዟ ኢንዴቨር የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች ተሸንፋ፣ ቀጥሎ አራቱን በተከታታይ አሸነፈች። ጁላይ 4 ቀን 1970፣ 86 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በኒውፖርት አረፈ።

ይህን ሁሉ ይዤ በሳምንቱ አጋሬ ቤት ሄድኩ። በትዕግሥት ሰምተውኝ ሲያበቁ የሌላኛውን ጠረጴዛ ውጤት አይቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። አላየሁም ነበር። እዚያ የተቃራኒዎቻችንን ካርታ የያዙት የኛው ቡድን ጓደኞች አራት ስፔድ ጠርተው በአንድ እጅ ወድቀዋል። 100 እነሱ ከፈሉ፣ 500 እኔ ከፈልኩ፤ ቡድናችን 600 አጣ ማለት ነው። አጋሬ ያን ጨረታ የሚጥል ካርታ በእጃቸው ነበረ፤ እኔ ግን ዕድል አልሰጠኋቸውም።

ቫንደርቢልት የሽንፈትን ዋጋ በትክክል ተምኖልናል። ሽንፈቱ ይምጣ አይምጣ የሚያውቀው ግን ሠንጠረዡ አይደለም። ፊት ለፊት የተቀመጠን አጋር ማመን የኔ ድርሻ ነበር። ይቅርታ ጠይቄያቸዋለሁ፤ እሑድ አብረን እንቀመጣለን።