ልዕልት ፀሐይ የሕሙማን አስታማሚ

በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ፣ ቤቴል በተባለው ሰፈር የሚኖር ምእመን ወደ መሐል ከተማ ሲወርድ ብዙውን ጊዜ በጦር ኃይሎች በኩል ያልፋል። በዚያ ያለው ታላቅ ሆስፒታልም በዚሁ በጦር ኃይሎች ስም ይጠራል። ይህ ቤት ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በፊት የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ይባል እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ያስታውሳሉ፤ በሰንበት ትምህርት ቤታችን ያሉትን ወጣቶች ብንጠይቃቸው ግን የሚያውቅ አላገኘንም። ልዕልቲቱ ማን እንደ ነበሩ፣ ሆስፒታልም በስማቸው ለምን እንደ ቆመ በዚህ ወር ጽሑፋችን በአጭሩ ልንገልጽ የወደድነው ስለዚህ ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እናስታውስ። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ ስለ ወደቀው ሰው ስንሰብክ፣ ስለ ካህኑና ስለ ሌዋዊው አልፎ መሄድ፣ ስለ ሳምራዊውም ርኅራኄ ብዙ እንናገራለን። ስለ እንግዶች ማደሪያው ጠባቂ የሚሰብክ ግን ጥቂት ነው። ሳምራዊው በማግሥቱ መንገዱን ሲቀጥል ቁስለኛውን ተረክቦ የቀረው ጠባቂው ነው። ሳምራዊውም የማስታመምን ድካም ስለሚያውቅ ጠባቂውን ባዶ እጁን አልተወውም፤ ሁለት ዲናር ሰጠው፣ ከዚያ በላይ ቢያወጣም በመመለሻው ሊከፍለው ቃል ገባለት። ሊቃውንት ሁለቱን ዲናር በብሉይና በሐዲስ፣ ጠባቂውንም በመምህራን መመሰላቸው የታወቀ ነው። እኛም ትርጓሜውን ሳንለቅ ንባቡን ብንመለከት፣ በሽተኛን የረዳ ሰው በሽተኛውን የሚያስታምመውንም መርዳት እንደሚገባው እናገኛለን። የልዕልት ፀሐይን ሕይወት በዚህ ዓይን እንድትመለከቱልን እንለምናለን።

ልዕልት ፀሐይ ከአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከተባሉት፣ ከእናታቸውም ከወይዘሮ መነን አስፋው በጥቅምት ወር 1912 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወለዱ። ታላቅ እኅታቸው ልዕልት ዘነበ ወርቅ በወጣትነታቸው በመቀሌ ዐርፈዋል። የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ በእኅታቸው ስም ተሰይሞ ስለ ነበረ፣ ዛሬ አለርት የተባለው ሆስፒታል ያለበት ሰፈር እስካሁን ዘነበ ወርቅ ይባላል። እርሱም ከቤቴል ሩቅ አይደለም። ስለዚህ የሁለቱ እኅትማማቾች ስም በከተማችን ምዕራብ በሁለት የሕሙማን ቤቶች ላይ ውሎ ነበር፤ የአንደኛዋ በሰፈር ስም ቀረ፣ የሁለተኛዋ ግን ከሰው አፍ ጠፋ።

የልዕልቲቱ የልጅነት ዘመን እንደ መኳንንት ልጆች ሁሉ በትምህርትና በቤተ መንግሥት ሥርዓት ያለፈ ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ብዙ አንቆይም። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር የኢጣልያ ጦርነት ደረሰ። በሐምሌ 1927 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ተቋቋመ፤ በእቴጌ መነን የሚመራው የሴቶች በጎ አድራጎት ማኅበርም ለቁስለኞች መጠቅለያ ጨርቅ ማዘጋጀት ጀመረ። ልዕልት ፀሐይም በዚህ ማኅበር ሥራ ገቡ። ጦርነቱ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ እቴጌ ለዓለም ሴቶች በሬዲዮ ያሰሙትን አቤቱታ በእንግሊዝኛ ቋንቋ ያስተላለፉት እርሳቸው ነበሩ። ዓለም ሰማ፤ ነገር ግን አልተነሣም።

በኅዳር 1928 ዓ.ም. ደሴ በአውሮፕላን ስትደበደብ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረበት ሆስፒታል ተመታ። በታኅሣሥም በመልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ጓድ ተደበደበ። የእንግሊዝ ቀይ መስቀል ጓድ አለቃ የነበረው ሐኪም ጆን ሜሊም አዲስ አበባ በተዘረፈችበት ሰሞን ቁስለኛ ሲረዳ በጥይት ተመትቶ ሞተ። እነዚህን መጥቀሳችን፣ በዚያ ዘመን በአገራችን ሕሙማንን መርዳት ሕይወትን ለሞት አሳልፎ መስጠት እንደ ነበረ ለማሳየት ነው።

በሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቤተ ሰቡ በባቡር ወደ ጅቡቲ ወጣ፤ ከዚያም በኢየሩሳሌም በኩል አልፎ በእንግሊዝ አገር ባዝ በተባለችው ከተማ ተቀመጠ። ኑሮው የቤተ መንግሥት ኑሮ አልነበረም፤ ገንዘብ አጥሮ የብር ዕቃ እስከ መሸጥ ተደርሷል። በዚህ የስደት ዘመን የንጉሥ ልጅ በቤት ተቀምጣ ብታለቅስ የሚወቅሳት አልነበረም። ልዕልት ፀሐይ ግን ወደ ለንደን ሄደው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በተባለው የሕፃናት ሆስፒታል የአስታማሚነት ትምህርት ጀመሩ።

ይህ ምን ማለት እንደ ነበረ አንባቢ በሚገባ ሊያስተውለው ይገባል። በአገራችን በዚያ ጊዜ የሕሙማንን ገላ ማጠብ፣ የቆሸሸ አንሶላ መለወጥ፣ የሽንት ዕቃ ማንሣት የገረድ ሥራ ተብሎ ይቈጠር ነበር፤ ከደህና ቤት የተወለደች ሴት ይህን ለእንግዳ ሰው ልታደርግ አይታሰብም። በእንግሊዝ አገርም የጀማሪ አስታማሚ ኑሮ ቀላል አልነበረም፤ ሌሊት ተረኛ መሆን፣ ወለል መወልወል፣ አልጋ ማንጠፍ፣ በአለቃዋ ፊት ቆሞ መታዘዝ ነበረባት። ሕፃንን ማስታመም ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። ሕፃን የሚያመውን ተናግሮ አያስረዳም፤ በልቅሶውና በፊቱ፣ በትንፋሹም ብቻ ያስታውቃል። ይህንንም ለማወቅ ከአልጋው አጠገብ ብዙ ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል። ልዕልቲቱ ይህን ሥራ ለታይታ ጥቂት ቀን ሠርተው አልተዉትም፤ ሦስት ዓመት ያህል ጸንተው ተምረው፣ በነሐሴ 1931 ዓ.ም. በመንግሥት መዝገብ የተጻፉ የሕፃናት አስታማሚ ሆኑ።

በዚያው ወር መጨረሻ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። እርሳቸውም ትልልቆችን ማስታመም ለመማር ጋይስ ወደ ተባለው ሌላ የለንደን ሆስፒታል ገቡ። በ1933 ዓ.ም. መግቢያ የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን ሌሊት ሌሊት ሲደበድቡ፣ ከአምስት ዓመት በፊት የአገራቸው ሰዎች በቦምብ ሲያልቁ ያዩት ልዕልት አሁን ደግሞ የባዕድ አገር ሰዎች በዚሁ መከራ ሲወድቁ አዩ። እኛ በዚህ ነገር እንደነቃለን፤ ጩኸቷን ሰምቶ ዝም ያለው ዓለም በተራው ሲቈስል፣ እርሳቸው ከአስታማሚዎቹ መካከል ነበሩና።

ኢትዮጵያ ነጻነቷን ካገኘች በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። የተመለሱበትም ጊዜ የሐኪም ራብ የነበረበት ጊዜ ነው፤ ከተማሩት ወጣቶች ብዙዎቹ በጠላት እጅ አልቀዋል፣ ከፈረንጅ ሐኪሞችም በርካታዎቹ ወጥተዋል። ልዕልት ፀሐይ በደሴ ሆስፒታል በሥራ ተሰማሩ፤ ይህችም ከስድስት ዓመት በፊት ሆስፒታሏ የተደበደበባት ደሴ ናት። በሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ከኮሎኔል አቢይ አበበ ጋር ጋብቻቸው ተፈጸመ። ባለቤታቸው በወለጋ ለአስተዳደር ሥራ ስለ ተሾሙ አብረው ወደ ነቀምቴ ሄዱ።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ያ ጊዜ ክረምት ነበር፤ በዚያ ዘመን የክረምት መንገድ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቀዋል። የደም ባንክም በአገራችን ገና አልተቋቋመም። ልዕልት ፀሐይ ከጽንስ ጋር በተያያዘ ሕመም ደም ፈስሷቸው፣ በነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በፍልሰታ ጾም፣ በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። ከሠርጋቸው አራት ወር እንኳ አልሞላም ነበር። ሌሎችን ለማስታመም አምስት ዓመት የተማሩት ሴት፣ በኢትዮጵያ ገጠር ስንት እናቶች ስማቸው ሳይጻፍ በሞቱበት በዚያው ሞት ሄዱ። ከእነዚያ እናቶች የሚለዩት ሞታቸው ስለ ተሰማ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ከልዕልቲቱ ታሪክ ጥቂት ወጥተን የራሳችንን በደል ብንናገር አንባቢ ይፍቀድልን። በልጅነታችን ቅኔ ስንማር በነበርንበት የገጠር ደብር አጠገብ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነበረች፤ በእርሷም አንዲት የጤና ረዳት ብቻዋን ተመድባ መጣች። እኛን የቆሎ ተማሪዎችን እከክ ጨርሶን ስለ ነበረ የድኝ ቅባት እየቀባች ፈወሰችን። ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት ስትኖር በበቅሎም በእግርም ትሄድ ነበር። የት እንደምታድር፣ ውኃ ማን እንደሚቀዳላት፣ ደመወዟ በዘገየ ጊዜ ምን እንደምትበላ ከእኛ ከተማሪዎቹም፣ ከካህናቱም፣ ከመንደሩም ሽማግሌዎች የጠየቀ አልነበረም። እኛ ራሳችን በየደጁ ቆመን ቁራሽ በመለመን የምንኖር ስንሆን፣ ሰው ያለ ሰው እንደማይኖር ከማንም በላይ ማወቅ ሲገባን አላወቅንም። በዓመቷ ተዛውራ ሄደች። ክሊኒኳም እኛ ከዚያ ደብር እስክንወጣ ድረስ ተዘግታ ኖረች። የጤና ረዳቲቱ ክፉ ሰው ሆና ሳይሆን፣ ሁለቱን ዲናር የሚሰጣት አጥታ እንደ ሄደች የገባን ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው።

ለልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ግን ሁለቱን ዲናር የሚሰበስብ ሰው ተገኘ። እርሷም ሲልቪያ ፓንክረስት የተባለችው እንግሊዛዊት ናት። በጦርነቱ ዘመን ስለ ኢትዮጵያ የሚናገር ጋዜጣ እያሳተመች የጮኸች ሴት ነበረች። የልዕልቲቱን ሞት በሰማች ጊዜ የሐዘን ደብዳቤ ጽፋ ዝም አላለችም፤ በስማቸው ሆስፒታል የሚሠራበት ገንዘብ ለማሰባሰብ ማኅበር አቋቁማ፣ ራሱ በጦርነት ከደኸየው ከእንግሊዝ ሕዝብ ለዓመታት ለመነች። ሆስፒታሉም ከልዕልቲቱ ዕረፍት ዘጠኝ ዓመት ያህል ቆይቶ ተከፈተ። ዋናው ነገር ግን አልጋውና መድኃኒቱ ብቻ አልነበረም፤ በሆስፒታሉ ውስጥ አስታማሚዎች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት አብሮ ተቋቋመ። በዚህም የኢትዮጵያ ልጆች፣ ልዕልት ፀሐይ ለመማር ባሕር የተሻገሩለትን ሙያ፣ በአገራቸው የሚማሩበት አንድ ቤት ተገኘ። ሲልቪያ ፓንክረስት በኋላ በአዲስ አበባ ኖራ በ1960 እ.ኤ.አ. ሞተች፤ በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥርም ተቀበረች።

በ1951 ዓ.ም. ሁለት የማሕፀንና የወሊድ ሐኪሞች፣ ሬጂናልድ ሐምሊንና ባለቤቱ ካትሪን፣ አንዱ ከኒውዚላንድ አንዷ ከአውስትራልያ፣ በዚህ ሆስፒታል የአዋላጆች ትምህርት ቤት እንዲያቋቁሙ ለሦስት ዓመት ተቀጥረው መጡ። በዚያም ከሩቅ አገር በእግርና በአውቶቡስ የሚመጡ፣ ምጥ ቀናት ቆይቶባቸው ልጃቸው የሞተባቸው፣ ፊኛቸው ተቀድዶ ሽንት ሳያቋርጥ የሚፈስሳቸው፣ ባል የፈታቸው ጐረቤትም የሸሻቸው ሴቶች ገጠሟቸው። ይህ ደዌ ፊስቱላ ይባላል። በቀዶ ሕክምና ይድናል፤ ሐኪም በጊዜው ቢገኝ ግን ከቶ አይመጣም ነበር። ሴቶቹ ከሌሎች ሕሙማን ጋር ለመተኛት ስለሚያፍሩና ስለሚገፉ፣ በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ለብቻቸው ማደሪያ ተሠራላቸው። የሦስት ዓመቱ ውል የዕድሜ ልክ ሆነ። ባልና ሚስቱ ከዐሥራ አምስት ዓመት ያህል በኋላ ለእነዚህ ሴቶች የተለየ ሆስፒታል ከፈቱ፤ በእርሱና በቅርንጫፎቹም እስካሁን ከ60 ሺህ የሚበልጡ ሴቶች ታክመዋል። ሬጂናልድ በ1993 እ.ኤ.አ.፣ ካትሪንም በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በ96 ዓመቷ ዐርፈዋል። በፅንስ ምክንያት በሞተችው ልዕልት ስም የተጠራው ቤት፣ በወሊድ ለተጐዱት ሴቶች የተስፋ መነሻ መሆኑን የእግዚአብሔር ሥራ ነው ብንል የሚቃወመን አይኖርም ብለን እናምናለን።

ዶክተር ካትሪን በስተርጅናዋ የአዋላጆች ኮሌጅ ማቋቋሟ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ልባችንን ይነካል። ይህ ኮሌጅ ልጃገረዶችን ከገጠር መርጦ ያስተምርና ወደ ተወለዱበት አውራጃ ይመልሳቸዋል፤ ሲመልሳቸውም ብቻቸውን አይሰድዳቸውም፤ በአንድ ጤና ጣቢያ ቢያንስ ሁለት ሆነው ይመደባሉ። አንዲቱ ሌሊት ስትጠራ ሁለተኛይቱ ትቀራለች፤ አንዲቱ ስትታመም ሁለተኛይቱ ታስታምማታለች። ጌታችንም ደቀ መዛሙርቱን ሁለት ሁለት አድርጎ እንደ ላካቸው ካህናት ታውቃላችሁ።

ባለፈው ክረምት በቤቴል አንዲት እናት ወደ እኛ መጡ። ልጃቸው ነርስ ሆና ሩቅ ወረዳ ተመድባ ነበር፤ እናቲቱም የሥራውን ክብደት ሳይሆን የማደሪያዋን ነገር እያነሡ አለቀሱ። እኛም ያችን የልጅነታችንን የጤና ረዳት አስታውሰን፣ በዚያ ወረዳ ላለው ደብር አስተዳዳሪ ደብዳቤ ጻፍን፤ ሰበካ ጉባኤያችንም አንድ ፍራሽና ሁለት ብርድ ልብስ፣ ለሦስት ወር የሚሆን የቤት ኪራይም ሰጠ። አስተዳዳሪው በስልክ መለሱልን። ከጤና ጣቢያው አጠገብ፣ ከአንዲት መበለት ግቢ፣ ቍልፍ ያለው ክፍል ተገኝቷል፤ ውኃም የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች በተራ ይቀዱላታል። ልጅቷ ፍልሰታ በተፈታ በሳምንቱ ተሣፈረች።