ልብን ከልብ ያነጋገረው ኦቶ ሎዊ

ይህን ጽሑፍ በምታነቡበት ሰዓት ጭንቅላታችሁ ውስጥ በቢሊዮን የሚቆጠሩ የነርቭ ሴሎች እያወሩ ነው። የሚገርመው፣ አብዛኞቹ ሲያወሩ አይነካኩም። በመካከላቸው በጣም ጠባብ ክፍተት አለ። ታዲያ መልእክቱ ያቺን ክፍተት በምን ይሻገራል?

ከመቶ ዓመት በፊት ይህ ትልቅ ክርክር ነበር። ብዙ ሳይንቲስቶች የሚሻገረው ኤሌክትሪክ ነው ይሉ ነበር። ሌላ መልስ እንዳለ በሁለት የእንቁራሪት ልብ ያሳየው ኦቶ ሎዊ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሎዊ በ1873 ጀርመን፣ ፍራንክፈርት ከተማ ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። አባቱ የወይን ጠጅ ነጋዴ ነበር። ልጁ የሚወደው የኪነ ጥበብ ታሪክን ቢሆንም፣ ቤተሰቡ ሐኪም እንዲሆን ስለፈለገ ሕክምና ገባ። ያም ሆኖ የሕክምና ክፍል እየፎረፈ የፍልስፍና ትምህርት ያዳምጥ ነበር።

ተመርቆ ሆስፒታል ሲገባ የጠበቀው ነገር ከባድ ነበር። የሳንባ ነቀርሳና የሳንባ ምች የያዛቸው ሰዎች መድኃኒት ስላልነበራቸው ዓይኑ እያየ ያልቁ ነበር። ምንም ማድረግ አለመቻሉ አንገበገበው። ስለዚህ ሕመምተኛ ማከሙን ትቶ፣ መድኃኒት ሰውነት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ወደሚያጠናው ፋርማኮሎጂ ዞረ።

በ1903 ከአንድ ባልደረባው ጋር ሲጨዋወት ሐሳብ መጣለት። ምናልባት ነርቭ መልእክቱን የሚያደርሰው ኬሚካል በመልቀቅ ይሆን? ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን በምን ይፈተን? ዘዴ አጣና ተወው። ቆይቶም ረሳው።

ብዙ ዓመት አለፈ። ሎዊ በኦስትሪያዋ ግራዝ ከተማ ፕሮፌሰር ሆኖ ሳለ፣ በፋሲካ ሰሞን አንድ ሌሊት መልሱን በሕልሙ አየ። ብንን ብሎ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጫር ጫር አደረገና ተመልሶ ተኛ። ጠዋት ሲያየው የራሱን ጽሑፍ ማንበብ አቃተው! ቀኑን ሙሉ ሲብሰለሰል ዋለ። ደግነቱ በሚቀጥለው ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሐሳቡ ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ ወረቀት አልፈለገም፤ ተነስቶ ቀጥታ ወደ ላብራቶሪ ሄደ።

ሙከራው ቀላል ነው። የእንቁራሪት ልብ ከሰውነት ወጥቶም ጨው ባለው ፈሳሽ ለተወሰነ ጊዜ ይመታል። ሎዊ ሁለት ልብ ወሰደ። አንዱ ቬገስ ከተባለው ነርቭ ጋር ነው፤ የሌላው ነርቭ ግን ተነስቷል። የመጀመሪያውን ነርቭ በኤሌክትሪክ ሲነካው ልቡ ዘገየ። ይህ ድሮም የታወቀ ነው። ከዚያ በዚያ ልብ ውስጥ የነበረውን ፈሳሽ ቀድቶ ወደ ሁለተኛው ልብ ጨመረ። እሱም ዘገየ! ነርቭ የለው፣ ማንም አልነካው። ልብ የሚያፈጥነውን ነርቭ ነክቶ ፈሳሹን ሲያዛውር ደግሞ ሁለተኛው ልብ ፈጠነ። ኤሌክትሪክ ተቀድቶ አይገለበጥም፤ ስለዚህ መልእክተኛው ፈሳሹ ውስጥ ያለ ኬሚካል ነው።

ውጤቱን በ1921 አሳተመ። ግን ሁሉም አላመነውም፤ ሌሎች ሲሞክሩት እምቢ ይላቸው ነበር። በ1926 ስቶክሆልም በተካሄደ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ባለሙያዎች ፊት ደጋግሞ አሳየ። ልብ የሚያዘገየው ኬሚካልም አሴቲልኮሊን መሆኑ በኋላ ተረጋገጠ።

እዚህ ላይ ሌላ ጥያቄ አለ። መልእክቱ ከደረሰ በኋላስ? ኬሚካሉ እዚያው ከቀረ ልቡ እንደዘገየ ይቀራል። ሎዊና ባልደረባው አሴቲልኮሊንን ቶሎ የሚሰባብር ኢንዛይም እንዳለም አሳዩ። መልእክቱ መድረሱ ብቻ ሳይሆን በጊዜው መቆሙም ያስፈልጋል ማለት ነው።

በ1936 ሎዊ ከወዳጁ ከእንግሊዛዊው ሄንሪ ዴል ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ፣ በማርች 1938 ናዚዎች ኦስትሪያን ሲይዙ የታጠቁ ሰዎች ሌሊት መኝታ ክፍሉ ድረስ ገብተው ወሰዱት። ሁለቱ ታናናሽ ወንዶች ልጆቹም ታሰሩ።

ሎዊ ይገድሉኛል ብሎ ነበር። እስር ቤት ሆኖ ያስጨነቀው ግን ያላሳተመው የመጨረሻ ሙከራው አብሮት እንዳይቀበር ነው። ጠባቂውን ለምኖ ፖስትካርድ አስመጣና ውጤቱን ጽፎ ለአንድ የሳይንስ መጽሔት አስላከ። ከዚያ በኋላ ቀለል አለው።

ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ተፈታ፤ ግን በነፃ አይደለም። ስቶክሆልም ባንክ የነበረውን የኖቤል ገንዘቡን ናዚዎች ወደሚቆጣጠሩት ባንክ እንዲያዛውር አስገደዱት። ንብረቱን አጥቶ አገር ለቀቀ። ባለቤቱ ጊዳ ወዲያው እንድትከተለው አልፈቀዱላትም፤ ዳግም አብረው ለመኖር ዓመታት ፈጀባቸው። ሎዊ በቤልጂየምና በእንግሊዝ በኩል አልፎ በ1940 ኒውዮርክ ገባ። በ67 ዓመቱ፣ በኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ እንደገና ሀ ብሎ ጀመረ።

ሎዊ በዲሴምበር 25፣ 1961፣ በ88 ዓመቱ አረፈ። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ጁሊየስ አክስልሮድና ባልደረቦቹ ታሪኩን አንድ እርምጃ አስኬዱት። ኖርአድሬናሊን የተባለው መልእክተኛ በዋናነት የሚቆመው በመሰባበር ሳይሆን፣ የለቀቀው ነርቭ ራሱ መልሶ ስለሚወስደው ነው። ሴሮቶኒንም እንደዚሁ ነው። ለድባቴ የሚታዘዘው ፍሉኦክሰቲን የሚሠራው ይህን ሴሮቶኒን መልሶ የመውሰድ ሥራ በመግታት ነው፤ ኬሚካሉ ክፍተቱ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። እንዲህ ያለ መድኃኒት የምትወስዱ ካላችሁ፣ ሐኪም ሳታማክሩ በራሳችሁ አታቋርጡ።

ዛሬ ተማሪዎች በባዮሎጂ ክፍል ስለ ነርቭ ኬሚካል ለሚማሩት ነገር መንገድ ከከፈቱት መካከል፣ ግራዝ ውስጥ የመቱት እነዚያ ሁለት ልቦች ይገኙበታል።