የብረት ስንጥቅ መፈለጊያን ለሴቶች ሕክምና ያዋሉት ኢያን ዶናልድ

እአአ በሐምሌ 1955 በስኮትላንድ ሬንፍሩ ወደሚገኝ የቦይለር ፋብሪካ ያልተለመደ ጭነት የያዙ መኪኖች ደረሱ። የተጫነው ከሴቶች ማህጸንና እንቁልጢ በቀዶ ሕክምና የወጣ ዕጢ ነበር። ለማነጻጸሪያ ቁራጭ የበሬ ሥጋም ተጨምሮበታል።

ጭነቱን ያመጡት በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የማዋለድ ሕክምና ፕሮፌሰር የነበሩት ኢያን ዶናልድ ናቸው። ፋብሪካው በብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅን በድምጽ ሞገድ የሚለይ መሣሪያ ነበረው። ፕሮፌሰሩ ማወቅ የፈለጉት ይኸው ሞገድ ጠጣሩን ዕጢ ፈሳሽ ከቋጠረው መለየት ይችል እንደሆነ ነበር። ሙከራው ተሳካ።

እአአ በ1910 በእንግሊዝ ኮርንዎል የተወለዱት ዶናልድ፣ በደቡብ አፍሪካ ተምረው በለንደን በሕክምና ተመረቁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በብሪታንያ አየር ኃይል ሐኪም ሆነው ሲያገለግሉ፣ ከሚቃጠል አውሮፕላን ሰዎችን ለማውጣት ባሳዩት ጀግንነት ተሸልመዋል። ከራዳር ቴክኖሎጂ ጋር ያስተዋወቃቸውም ይኸው አገልግሎት ነው።

በዚያ ዘመን ከእምብርቷ በታች የሚያማትን ሴት የሚመረምር ሐኪም ዋና መሣሪያው እጁ ነበር። ራጅ ለስላሳ የሰውነት ክፍሎችን አጥርቶ አያሳይም። እርግጠኛ ለመሆን ሆድ መክፈት ግድ ይል ነበር።

ዶናልድ ከወጣቱ መሐንዲስ ቶም ብራውንና ከሐኪሙ ጆን ማክቪካር ጋር መሣሪያውን ለሰው እንዲሆን አድርገው ሲያሻሽሉ፣ ሥራቸውን በጥርጣሬ የሚያዩ ባልደረቦች ጥቂት አልነበሩም።

ይህን የለወጠችው አንዲት ታካሚ ናት። ሐኪሞች ሊድን የማይችል የጨጓራ ካንሰር ይዟታል ብለው ተስፋ ቆርጠውባት ነበር። አልትራሳውንዱ ግን ከእንቁልጢዋ የተነሳ፣ ፈሳሽ የቋጠረ ግዙፍ ዕጢ አሳየ። ዕጢው በቀዶ ሕክምና ወጣላት፤ ሴትየዋም ዳነች።

ሦስቱ ባለሙያዎች የጥናታቸውን ውጤት እአአ በሰኔ 1958 ላንሴት በተሰኘው የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ለረጅም ዓመታት በልብ ሕመም የተሰቃዩትና በተደጋጋሚ የልብ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ዶናልድ እአአ በ1987 አረፉ።

ዛሬ በአዲስ አበባም ሆነ በናይሮቢ አልትራሳውንድ ሲባል ብዙዎች ቀድመው የሚያስቡት ጽንስን ነው። የመሣሪያው ጅማሬ ግን ከሴቷ ከራሷ ሕመም ጋር የተያያዘ ነበር። ይህ ጥቅሙ በተለይ በኢንዶሜትሪዮሲስ ምርመራ ጎልቶ ይታያል።

ኢንዶሜትሪዮሲስ የማህጸንን ውስጠኛ ግድግዳ የሚመስል ሕዋስ ከማህጸን ውጭ ሲያድግ የሚከሰት ሕመም ነው። ከባድ የወር አበባ ሕመምን፣ በግንኙነት ወቅት ሕመምን፣ አንዳንዴም መካንነትን ያስከትላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 በመቶ ያህሉን ወይም 190 ሚሊዮን የሚሆኑትን ያጠቃል።

ልምድ ያለው ባለሙያ በብልት በኩል በሚደረግ አልትራሳውንድ በእንቁልጢ ውስጥ የተጠራቀመ አሮጌ ደምን፣ እንዲሁም ማህጸንና አንጀት ተጣብቀው እንደሆነ መለየት ይችላል። በጥልቀት የተሰራጨውን ለማየት ኤምአርአይ ያግዛል። እአአ በ2022 የወጣው የአውሮፓ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር መመሪያም፣ በሆድ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ በካሜራ የሚደረገውን ምርመራ ለሁሉም ታካሚ የግድ ማድረግ አስፈላጊ እንዳልሆነ አስታውቋል።

ሆኖም ስስ ሆነው ላይ ላዩን የተበተኑ ምልክቶች በምስል ላይታዩ ይችላሉ። ስለዚህ አልትራሳውንዱ ምንም አላሳየም ማለት ሴቲቱ አልታመመችም ማለት አይደለም። ሕመሙ ከቀጠለ ምርመራውና ሕክምናው ሊቀጥል ይገባል።