ጌኦርግ ፎን ፍሩንድስበርግ፦ ጦሩ በራሱ ላይ የዞረበት አዛዥ

ጀርመናዊው የጦር አዛዥ ጌኦርግ ፎን ፍሩንድስበርግ እ.ኤ.አ. በ1473 በደቡብ ጀርመን፣ ከሚንደልሃይም ከተማ በላይ ባለው ግንብ ተወለደ። በዘመኑ የመኳንንት ልጅ ክብሩ በፈረስ ላይ መዋጋት ነበር፤ በእግር መዋጋት ለገበሬና ለእጅ ሙያተኛ የተተወ ሥራ ተደርጎ ይታይ ነበር። እሱ ግን ዕድሜውን ያሳለፈው ከእግረኛው ጋር ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት መሣሪያውን ማወቅ ይጠቅማል። ረጅሙ ጦር ቁመቱ 5 ሜትር ያህል ነበር። ለብቻው ለቆመ ሰው ሸክም እንጂ መከላከያ አይሆንም፤ ጠላት አንዴ ጫፉን አልፎ ከገባ ባለጦሩ ባዶ እጁን እንደቆመ ይቆጠራል። ኃይሉ ያለው በሰልፍ ውስጥ ነው። የፊተኞቹ ረድፎች ጦራቸውን አጋድመው በአንድነት ሲቆሙ ፈረስ ደፍሮ የማይጥሰው የብረት አጥር ይሆናል። ከመሃል የሚሰለፉት ደግሞ ሃልበርድ የተባለውን፣ 2 ሜትር ያህል ርዝመት ያለውን መሣሪያ ይይዛሉ። ጫፉ እንደ ጦር ይወጋል፣ በአንድ ጎኑ መጥረቢያ፣ በሌላው መንጠቆ አለው። ረድፍ ከረድፍ ተጋጭቶ ጦሮቹ ሲጠላለፉ ተራው የእነዚህ ነው፤ በመጥረቢያው ይቆርጣሉ፣ በመንጠቆው ፈረሰኛን ከኮርቻው ያወርዳሉ።

ይህን ስልት ለአውሮፓ ያስተማሩት ስዊሶች ነበሩ። ፍሩንድስበርግ በ1499 በንጉሥ ማክሲሚሊያን ሥር ሆኖ ተዋጋቸው፤ ወገኖቹ ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ ላንድስክኔክት የሚባሉትን ጀርመናውያን ቅጥረኛ እግረኞች በዚያው ስልት እየመራ በጣሊያን ጦርነቶች ስሙ ገነነ። ወታደሮቹም አባት ይሉት ነበር።

በ1522 በሚላን አቅራቢያ፣ ቢኮካ በተባለ ስፍራ ስዊሶችን ዳግም ገጠማቸው። ለፈረንሳይ ተቀጥረው የነበሩት ስዊሶች ደሞዛቸው ስለዘገየ ወይ እንዲከፈላቸው፣ ወይ እንዲሰናበቱ፣ ካልሆነም ወዲያው እንዲዋጉ አዛዣቸውን አስገደዱት። የፍሩንድስበርግ ሰዎች ከጎድጓዳ መንገድ በላይ፣ ከአፈር ምሽግ ጀርባ ሆነው ጠበቋቸው። ከስዊሶቹ 3 ሺህ ያህሉ በዚያ ቀሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ በፓቪያ የፈረንሳዩ ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ በተማረከበት ውጊያም የእሱ እግረኞች ነበሩበት።

ድሉ ግን ገንዘብ አላመጣም። የተራ ላንድስክኔክት ደሞዝ በወር 4 ጊልደር ነበር፤ ንጉሠ ነገሥት ካርል አምስተኛ ያንንም በወቅቱ መክፈል አቃተው። በ1526 ፍሩንድስበርግ ንብረቱን አስይዞ በተበደረው ገንዘብ 12 ሺህ ያህል ሰው መለመለና በኅዳር ወር የአልፕስን ተራራ አሻግሮ ወደ ጣሊያን ወረደ። ክረምቱ በዝናብና በረሃብ አለፈ፤ ደሞዙም አልደረሰም።

መጋቢት 1527 ከቦሎኛ ወጣ ብሎ በነበረው ሰፈር ወታደሮቹ አመፁ። ፍሩንድስበርግ ከመካከላቸው ቆሞ እንዲታገሡ ለመናቸው። እነሱ ግን እሱ አጋድመው እንዲይዙት ያስለመዳቸውን ረጅም ጦር ወደ እሱ አዞሩ። በዚያው ቅጽበት አንደበቱ ተያዘ፤ ደግፈው ከበሮ ላይ አስቀመጡት። ያን ሲያዩ ቁጣቸው በረደ፤ እሱ ግን ዳግም ጦር አልመራም። በግንቦት ያው ሠራዊት ያለ እሱ ሮም ገብቶ ከተማዋን ሲዘርፍ፣ አዛዡ በፌራራ በሕመም ተኝቶ ነበር።

በነሐሴ 1528 ወደ ሚንደልሃይም ተመለሰ። ከጥቂት ቀናት በኋላም ዕዳው ሳይከፈል በተወለደበት ግንብ አረፈ።