ሁለተኛ የተመረጠው ተማሪ

ወደ ውጭ አገር ሄዶ ለመማር አመልክቶ ስሙን ከተመረጡት መካከል ያጣ ተማሪ ሁሉ የኧርነስት ራዘርፎርድን ታሪክ ቢያውቅ ይጠቀማል።

ራዘርፎርድ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1871 ዓ.ም. (ቀጥሎ ያሉትም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) በኒው ዚላንድ ደቡብ ደሴት፣ በኔልሰን ከተማ አጠገብ ተወለደ። ወላጆቹ 12 ልጆች ስለ ነበሯቸው ለከፍተኛ ትምህርት የሚተርፍ ገንዘብ አልነበራቸውም። ስለዚህ ተስፋው ሁሉ በስኮላርሺፕ ላይ ነበር። ወደ ኔልሰን ኮሌጅ የሚያስገባውን ስኮላርሺፕ በመጀመሪያው ፈተና አላገኘም፤ በ1887 ዓ.ም. እንደገና ተፈትኖ አገኘ። የዩኒቨርሲቲውንም ያገኘው በሁለተኛው ሙከራ ነበር።

በክራይስትቸርች ከተማ፣ በካንተርበሪ ኮሌጅ ሦስት ዲግሪዎች ተቀበለ። ተማሪዎች ካባቸውን በሚሰቅሉበት ቀዝቃዛ ምድር ቤት ውስጥ መሣሪያ በገዛ እጁ እየሠራ ብረት በኤሌክትሪክ ኀይል እንዴት ማግኔት እንደሚሆን መረመረ። ቋሚ የአስተማሪነት ሥራ ፈልጎ አላገኘም። ቀጥሎም በ1851 ዓ.ም. በሎንዶን ከተደረገው ታላቅ ኤግዚቢሽን ትርፍ ለተመሠረተው ስኮላርሺፕ ምርምሩን አቅርቦ አመለከተ። ለኒው ዚላንድ የተመደበው አንድ ቦታ ብቻ ሲሆን ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ነበሩ። ፈራጆቹ ወርቅን ከድንጋዩ ስለ መለየት የመረመረውን ማክሎሪን የተባለውን ኬሚስት መረጡ። ራዘርፎርድ ቀረ። ነገር ግን ማክሎሪን ዕድሉን ሊቀበል ስላልቻለ ቦታው ለራዘርፎርድ ተሰጠ።

በ1895 ዓ.ም. በመርከብ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ከፕሮፌሰር ቶምሰን ዘንድ ገባ። ዩኒቨርሲቲው በሌላ ስፍራ የተመረቁትን ለምርምር መቀበል የጀመረው በዚያው ዓመት ነበር። ከዚያ በኋላ በካናዳና በማንቸስተር አስተማረ፤ በ1908 ዓ.ም. የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ፤ በ1911 ዓ.ም. ደግሞ አቶም በመካከሉ እጅግ ጥቃቅን የሆነ ኒውክሊየስ እንዳለው ገለጠ።

ራዘርፎርድ ከበረ ብሎ የተማረበትን መንገድ አልረሳም። በ1933 ዓ.ም. የናዚ መንግሥት ብዙ ሊቃውንትን ከጀርመን ዩኒቨርሲቲዎች ባባረረ ጊዜ እነርሱን ለመርዳት የቆመው ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1937 ዓ.ም. ሲሞት የአስከሬኑ አመድ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን በኒውተን መቃብር አጠገብ አረፈ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ሰው ዕድለኛ ነበር ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን የማክሎሪን ቦታ ባዶ በሆነ ጊዜ የራዘርፎርድ ምርምር ተሠርቶ፣ ተጽፎና ተልኮ ነበር። ሥራው ባይዘጋጅ ኖሮ ያ ዕድል በከንቱ ባለፈ ነበር። ስለዚህ ሳንመረጥ ስንቀር መዝገባችንን አንዝጋ፤ ሁለተኛው ጥሪ ሲመጣ የሚጠይቀው በእጃችን ያለውን ሥራ ነውና።