ኦርጋን ሠሪው አሪስቲድ ካቫዬ ኮል

እምቢልታ ሲነፋ ያየ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ አንድ እምቢልታ ብቻውን ዜማ አይሆንም። የጣት ቀዳዳ ስለሌለው እያንዳንዱ ነፊ የሚያወጣው አንድ ወይም ሁለት ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሚሟላው ነፊዎቹ ተራ በተራ ሲቀባበሉት ነው። በአውሮፓ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኘው ባለ ቧንቧ ኦርጋንም በዚሁ መንገድ ይሠራል። እያንዳንዱ ቧንቧ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ቧንቧዎቹ ሦስት ወይም አራት ሳይሆኑ በሺህ የሚቈጠሩ ናቸው፤ ነፋሱንም የሚሰጣቸው የሰው ሳንባ ሳይሆን የአንጥረኛን ወናፍ የሚመስል ታላቅ ወናፍ ነው። ይህን ሁሉ በጣቱና በእግሩ የሚያዝዘው አንድ ሰው ነው። በከተሞቻችን ኦርጋን እየተባለ የሚጠራው የኤሌክትሪክ መሣሪያ ስሙን የወረሰው ከዚህ ነው። ባለ ቧንቧውን ለመሥራት የአናጢ፣ የብረት አቅላጭና የቆዳ ሠራተኛ ጥበብ በአንድነት ስለሚያስፈልግ ሙያው ለብዙ ዘመን ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ኖረ።

አሪስቲድ ካቫዬ ኮል የተወለደው ከእንዲህ ያለ ቤተሰብ ነው። አያቱ ዣን ፒየር ካቫዬ በደቡብ ፈረንሳይና በስፔን እየተዘዋወረ ኦርጋን ይሠራ ነበር፤ በዚያም የባርሴሎናዋን ፍራንሷዝ ኮልን አገባ። የሁለቱ ስም ተጣምሮ የቤተሰቡ መጠሪያ ሆነ። ልጃቸው ዶሚኒክም የአባቱን ሙያ ያዘ። አሪስቲድ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የካቲት 4 ቀን 1811 ሞንፔልዬ በተባለች ከተማ ተወለደ፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው። ገና በወጣትነቱ ከአባቱ ጋር በስፔንና በቱሉዝ ሲሠራ መሣሪያን የማሻሻል ተሰጥዎው ታየ። በሻሸመኔ የእንጨት መሰንጠቂያ ቤቶች ክብ መጋዝ ሲሽከረከር ያየ ተማሪ፣ ይህ ወጣት በቱሉዝ ሳለ እንዲህ ያለውን መጋዝ ለማሻሻል ይደክም እንደነበር ቢሰማ ሳይደነቅ አይቀርም።

በቱሉዝ ሥራውን የተመለከተው ስመ ጥሩው የኢጣልያ ሙዚቀኛ ሮሲኒ ወደ ፓሪስ እንዲሄድ መከረው። አሪስቲድ በ1833 ፓሪስ በደረሰ ጊዜ፣ የፈረንሳይ ነገሥታት መቃብር ለሆነው ለሰን ዴኒ ቤተ ክርስቲያን አዲስ ኦርጋን ለማሠራት የወጣው ውድድር ሊዘጋ የቀረው ጥቂት ቀን ብቻ ነበር። ዕቅዱን በሦስት ቀን ያህል ነድፎ አቀረበ። ዕድሜው 22 ዓመት ሲሆን ከእርሱ በፊት ስማቸው የገነነ ሠሪዎች ተወዳድረው ነበር፤ ሥራው ግን ለእርሱ ተሰጠ። አባቱና ወንድሙ ቪንሰንትም ቱሉዝን ለቀው ወደ ፓሪስ መጡ። የቤተ ክርስቲያኑ የግንባታ ሥራ ስለ ዘገየ ኦርጋኑ የተመረቀው በ1841 ነበር።

መዘግየቱ ግን ጠቀመው። በዘመኑ የነበረው ችግር እንዲህ ነው፤ ኦርጋኑ በተለቀ መጠን በጣት የሚነኩት ቁልፎች እየከበዱ ይሄዳሉ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ቁልፍ የነፋሱን መግቢያ የዘጉ ብዙ ክዳኖችን መሳብ አለበት። ባርከር የተባለ እንግሊዛዊ ለዚህ መፍትሔ አግኝቶ ነበር። ቁልፉ ሲነካ ነፋስ ወደ አንዲት ትንሽ ወናፍ ይገባል፤ ወናፏም ተነፍታ ክዳኑን በጣት ፋንታ ትስበዋለች። ካቫዬ ኮል ይህን ብልሃት በሰን ዴኒ ሥራ ላይ አዋለው። በተጨማሪም ለቀጭኖቹ ድምፆች ከወፍራሞቹ የበረታ ነፋስ እንዲደርሳቸው አደረገ። ዋሽንት ነፊ ትንፋሹን ሲያጠነክር ድምፁ ወደ ላይኛው እርከን እንደሚዘል ሁሉ፣ እርሱም ቧንቧውን በእጥፍ አስረዝሞ መካከሉን በመብሳትና ነፋሱን በማጠንከር ክብና ጠንካራ ድምፅ አገኘ።

ከዚያ በኋላ ሥራው በዛ። በሰን ሱልፒስ ቤተ ክርስቲያን የነበረውን አሮጌ ኦርጋን መሠረት አድርጎ በ1862 የጨረሰው መሣሪያ አምስት ረድፍ ቁልፎችና 100 የተለያዩ የድምፅ ዓይነቶች ነበሩት። በ1868 ደግሞ የኖትር ዳምን ካቴድራል ኦርጋን አዲስ አድርጎ ሠራ። ሴዛር ፍራንክና ሻርል ማሪ ቪዶር ለኦርጋን የደረሱአቸው ታላላቅ ሥራዎች በእነዚህ መሣሪያዎች የተወለዱ ናቸው፤ መሣሪያው ባይኖር ኖሮ ሙዚቃውም ባልተጻፈ ነበር ማለት ማጋነን አይሆንም። ሳይንስም ከዎርክሾፑ ተጠቅሟል። ሊዮን ፉኮ በ1862 የብርሃንን ፍጥነት በሰከንድ 298,000 ኪሎ ሜትር ያህል ብሎ ሲለካ፣ የመለኪያውን መስታወት ሳያወላውል ያሽከረከረው ነፋስ ከካቫዬ ኮል ወናፍ የመጣ ነበር።

በገንዘብ ረገድ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ካቫዬ ኮል የሚያረካው ድምፅ እስኪገኝ ድረስ ወጪውን የሚያስብ ሰው አልነበረም፤ ሒሳብ መተሳሰብም አይሆንለትም ነበር። በ1848 የተነሣው አብዮትና በ1870 የጀመረው ጦርነት ደግሞ ሥራ አስፈቱት። ባለቤቱ በ1868፣ ኖትር ዳም በተመረቀበት ዓመት፣ ሞተችበት። በዘመኑ ሁሉ 500 ያህል ኦርጋኖች ሠርቶ ሳለ ዕዳው ከዓመት ወደ ዓመት ከበደ። የቤተሰቡን ሙያ የተማረው ልጁ ጋብርኤል ከአባቱ ተለይቶ የራሱን ሥራ ጀመረ። በመጨረሻም በ1898 ዎርክሾፑ ቀድሞ በዚያው ይሠራ ለነበረው ለሻርል ሙተን ተላለፈ። ቢያንስ ሦስት ትውልድ የደከመበት ቤት እንዲህ ከቤተሰቡ እጅ ወጣ። ሽማግሌው በዓመቱ፣ ጥቅምት 13 ቀን 1899፣ በፓሪስ ዐረፈ። ልጆቹ ሴሲልና ኤማኑኤል የጻፉት የሕይወት ታሪኩ በ1929 ታተመ።

ሚያዝያ 15 ቀን 2019 የኖትር ዳም ጣሪያ በእሳት ሲወድም ኦርጋኑ ከነበልባሉ ቢድንም በእርሳስ ብናኝ ተሸፈነ። ቧንቧዎቹ አንድ በአንድ ወርደው ተጠረጉ፤ ወደ ቦታቸውም ተመልሰው እያንዳንዳቸው እንደ ገና ተቃኙ። ካቴድራሉ ታኅሣሥ 7 ቀን 2024 በተከፈተ ጊዜ ኦርጋኑ ከአምስት ዓመት ተኩል ያህል ዝምታ በኋላ በሕዝብ ፊት ተሰማ።